ጥጉ ደረሰኝ፤ ልውጣ ወይስ ልቆይ?

የዛሬዋ ደብዳቤ ጸሐፊ ራሷን "ጥግ የደረሰኝ" ብላለች። ደብዳቤዋ ጥቂት አጥሮ ይኸው፦

"እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? የሥዕል የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። 8 ሆነን አንድ ጋለሪ ውስጥ የቡድን ዐውደ ርዕይ ልንከፍት 3 ሳምንት ቀርቶናል። የኔ ሥራ በእርሳስ የተሠሩ 18 ትንንሽ ንድፎች ናቸው። ሁሉም የተጣጠፈ ልብስ ነው። 2 ዓመት ፈጅተውብኛል። ባለፈው ሳምንት እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሌሎቹ ተሰብስበው ግድግዳውን ተከፋፈሉ። ለኔ የደረሰኝ ከኋላ ያለው ጥግ ነው፣ ከዕቃ ክፍሉ በር አጠገብ። ከጎኔ ድምፅ ያለው ቪዲዮ አለ። ፊት ለፊቴ የጓደኛዬ 3 ሜትር የሚሆን ቀይ ሸራ ይሰቀላል። ጋለሪውን ያገኘችው እሷ ናት። ከባለቤቱ ጋር የምትነጋገረውም እሷ ናት። አሁን ሁሉን የምትወስነውም እሷ ሆናለች። ቅሬታዬን ግሩፑ ላይ ስጽፍ አንዱ 'እንግዲያው ዕጣ እንጣል' አለ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። አማካሪዬ 'እርስ በርሳችሁ ተስማሙ' ብለውኛል። ልውጣና ሌላ ጊዜ ለብቻዬ ላሳይ እያልኩ ነው። ከጓደኛዬ ጋር መቆራረጥም አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?"

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አብረሽ የላክሻቸውን ፎቶዎች ደግሞ ከዚያም በላይ አየኋቸው። መልሴን ከመጨረሻው ልጀምር፦ አትውጪ። "ቻይው፣ ያልፋል" ልልሽ ግን አይደለም። የምትጠይቂው ነገር አለ። ብቻ አሁን እየጠየቅሽ ያለሽው እሱ አይመስለኝም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ቅሬታ ተደባልቋል። አንዱ "እኔ በሌለሁበት ተወሰነ" የሚል ነው። ሁለተኛው "ቦታው ለሥራዬ አይሆንም" የሚል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ማንም ቢሆን ይከፋዋል። ሁለተኛው ግን ገና አልተረጋገጠም። እስቲ ንገሪኝ፣ ጥጉ ጋ ሄደሽ ቆመሽበታል? ደብዳቤሽን መልሼ ባነበው እንደዚያ የሚል አጣሁ። "ከኋላ ነው"፣ "ከዕቃ ክፍሉ አጠገብ ነው" ትያለሽ። እሱ የጥጉ አድራሻ ነው። ሥራሽ እዚያ ተሰቅሎ ምን እንደሚመስል አይናገርም።

ሁለቱን ቅሬታዎች ለየብቻ እንያቸው። አንድ ላይ ይዘሻቸው ከሄድሽ ጓደኞችሽ የሚሰሙት ኩርፊያውን ብቻ ነው።

በሌለሽበት መወሰኑን ለጓደኛሽ በአካል ንገሪያት፤ ግሩፑ ላይ አይሆንም። ግሩፕ ላይ የተጻፈ ቅሬታ 7 ሰው ፊት የተነገረ ክስ ነው፤ የሚመልስልሽም ራሱን ሲከላከል ነው የምታገኝው። ሁለታችሁ ብቻ ተገናኙና በአጭሩ እንዲህ በያት፦ "ግድግዳውን ስትከፋፈሉ አለመጠራቴ ከፍቶኛል። 'ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ እናድርገው' የምልበት ዕድል አላገኘሁም። ሳልነግርሽ ኩርፊያ ይዤ መዞር ስላልፈለግኩ ነው።" ከዚያ ዝም በይ። ስለ ጥጉ ያን ቀን አታንሺ። ይቅርታ ከጠየቀችሽ ተቀበያት። ባትጠይቅሽም ተናግረሻልና ይቀልሻል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሷም ልሟገትላት። ጋለሪ ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። ስልክ መደወል አለ፣ መመላለስ አለ፣ የባለቤቱን ቅድመ ሁኔታ መስማት አለ፣ ቁልፍ መረከብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ለንደን ውስጥ የጎልድስሚዝስ ኮሌጅ ተማሪዎች "ፍሪዝ" የሚባል ዐውደ ርዕይ አዘጋጅተው ነበር። ባዶውን የወደብ ሕንጻ ያገኘው፣ የደወለው፣ ያስተባበረው በዋናነት ዴሚየን ሄርስት ነው። ያኔ ገና ተማሪ ነበር፤ የራሱም ሥራ ከሌሎቹ ተሳታፊዎች ሥራ ጋር እዚያው ታይቷል። ዛሬ ያ ትርኢት የሚጠቀሰው የአንድ ትውልድ መነሻ ተደርጎ ነው። በየተማሪው ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይገኛል። ሸክሙን ሲሸከም ማንም አያየውም፤ ሲወስን ግን ሁሉም ያየዋል። ጓደኛሽ ልክ ናት ማለቴ አይደለም። ግን "ይህን ሁሉ ስትሮጪ አላገዝኩሽም፤ ከነገ ጀምሮ የትኛውን ልውሰድልሽ?" ብትያት ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የመለያ ጽሑፎቹን ተረከቢ። ወይም ከባለቤቱ ጋር የሚደረገውን ንግግር አብረሽ ግቢ። የሚሠራ ሰው ድምፁ ይሰማል፤ ይሄ በየቡድኑ ያየሁት ነው።

አሁን ወደ ጥጉ።

ስለ ጥግ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ምናልባት በትምህርት ክፍል ሰምተሽው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1915 ማለቂያ ላይ ፔትሮግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ 14 ሠዓሊዎች "0.10" የሚባል የቡድን ዐውደ ርዕይ ከፈቱ። እነሱም እንደናንተ ተጣልተዋል፤ እንዲያውም ብሰዋል። ከመሃላቸው አንዱ ታትሊን፣ የሌላውን የማሌቪችን አዲስ ሥራዎች ሥዕል ብሎ ለመቀበል አልፈለገም። ነገሩ እስከ ድብድብ ደርሷል ይባላል። በመጨረሻ ክፍል ተለያዩ፤ የታትሊን ወገን ያሉበት ክፍል በር ላይ "የሙያ ሠዓሊዎች ትርኢት" የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ማሌቪች "ጥቁር አራት ማዕዘን" የሚባለውን ሥዕሉን የት ሰቀለው መሰለሽ? ጥግ ላይ። ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበት ቦታ፣ ከላይ ወደ ጣሪያው ተጠግቶ። በሩሲያ ቤቶች ቅዱስ ሥዕል የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከትርኢቱ የተረፈች ፎቶ አለች፤ ፈልገሽ እያት። 39 ሥራ ነው ያሳየው፤ ፎቶዋ ላይ ዓይን የሚሄደው ግን ወደዚያ ጥግ ነው። ታትሊንም በበኩሉ ጥግ ላይ ብቻ የሚቆሙ ሥራዎች ይዞ መጥቶ ነበር። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ተወጥረው የተንጠለጠሉ የብረትና የገመድ ሥራዎች ናቸው። ያለ ጥግ አይሆኑም።

እነሱ ጥጉን መረጡት፤ ላንቺ ግን ተሰጠሽ። ልዩነቱ ገብቶኛል። ግን ጥግ ምን እንደሚሠራ እዪበት። ጥግ ሰውን ይይዛል። ረጅም ግድግዳ ፊት ሰው እየተራመደ ነው የሚያየው፤ ጥግ ሲደርስ ግን መቆም ወይም መዞር አለበት። ለትልቅ ሥራ ይሄ ችግር ነው፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ ማየት ይፈልጋላ። ያንቺ ንድፎች ግን የደብተር ገጽ የሚያህሉ ናቸው። እነሱን ለማየት ክንድ የሚያህል ርቀት ድረስ መጠጋት ያስፈልጋል። በሩ ፊት ለፊት ብትሰቅያቸው ሰው ሲገባ ከሩቅ አይቷቸው "ትንንሽ ነገሮች" ብሎ ያልፋል። ጥጉ ጋ ግን ሰው በሁለት ወገን ተከብቦ፣ ሌላ የሚያየው ነገር ሳይኖር፣ የታጠፈ ሸሚዝ ፊት ይቆማል። ሥራሽ ዝምታ የሚፈልግ ሥራ ነው። ዝምታ ያለበት ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው።

እንግዲህ ሄደሽ ቁሚበት። የመክፈቻው ሰዓት ምሽት ከሆነ በዚያው ሰዓት ሂጂ፤ የቀን ብርሃን ያታልላል። በንድፎችሽ ልክ የተቆረጠ ወረቀትና የማይጎዳ ቴፕ ያዢ። ግድግዳው ላይ ለጥፊያቸውና ግማሽ ሰዓት ቆዪ። ከሩቅ እዪ፤ ከቅርብ እዪ። የዕቃ ክፍሉ በር ስንት ጊዜ እንደሚከፈት ጠይቂ። በሩ በመክፈቻው ምሽት ተቆልፎ መዋል የሚችል ከሆነ የዚያ ጉዳይ አለቀ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈጀው።

እዚያ ስትቆሚ ሦስት ነገር ለይተሽ እንድታዪ እፈልጋለሁ። እውነተኛው ችግርሽ ካለ እዚህ ውስጥ ነው።

አንደኛው ቀዩ ሸራ ነው። "ትልቅ ነው፣ ይጋርደኛል" የሚለው ስሜት አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ መስታወቱ ነው። ንድፎችሽን በመስታወት ፍሬም ውስጥ አድርገሻቸው ከሆነ ፊት ለፊት ያለው 3 ሜትር ቀይ በሙሉ መስታወቱ ላይ ይወድቃል። የተሳለው ግራጫ እርሳስ ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ሮዝ ይሆናል። ይሄ የመብትና የክብር ጥያቄ አይደለም፤ ማንም ቆሞ ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ፍሬም ውስጥ የገባ አንድ ንድፍሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ጓደኛሽም ሸራውን ወይም በዚያው ልክ የሆነ ቀይ ጨርቅ ፊት ለፊት ታቁም። ከታየ መፍትሔው ብዙ ነው። መስታወቱን አውጥተሽ ወረቀቱን በትንንሽ ማግኔት ወይም በቀጭን መርፌ መስቀል ይቻላል። የማያንጸባርቅ መስታወትም አለ፣ ውድ ነው እንጂ። ሸራውን አንድ ሜትር ተኩል ወደ ጎን ማሸሽም ሊበቃ ይችላል። መብራቱንም እዪ። ከሥራው ፊት ቀጥ ብሎ የተተከለ መብራት የእርሳሱን ጥቁር ያብለጨልጨዋል። ከላይ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ሲል ይሻላል።

ሁለተኛው ቪዲዮው ነው። እዚህ ላይ ተሳስተሽ የፈራሽው ነገር አለ፣ ልክ የፈራሽውም አለ። ብርሃኑን በተመለከተ ቪዲዮና ወረቀት ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። ሙዚየሞች ወረቀት ላይ ለተሠራ ሥራ ብርሃኑን እስከ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ዝቅ ያደርጉታል፤ ለዘይት ቀለም ሸራ እስከ 200 ይፈቅዳሉ። ቪዲዮውም ደብዘዝ ያለ ክፍል ይፈልጋል። ስለዚህ ከደማቅ ሸራ ይልቅ ቪዲዮው ነው የሚስማማሽ። ድምፁ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ድምፅ በግድግዳ አይታጠርም፤ 8ቱንም ሥራ ይነካል። ባለቪዲዮውን "ዝጋልኝ" አትበይው፤ ሥራው ነው። "ሰው አንዱን ንድፍ ሳያቋርጥ እንዲያየው የአንተን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ብናደርገውስ?" በይው። ለሱም ይጠቅመዋል። በመክፈቻ ምሽት ሰው ሲያወራ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ማንም አይሰማም። ጆሮ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያያል። ካልፈለገ ደግሞ የድምፁን መጠን እሱ ብቻውን አይወስነው። 8ታችሁም በየሥራችሁ ፊት ቁሙ፣ እሱ ከፍ ዝቅ ያድርገው፣ የተስማማችሁበት ላይ ምልክት ይደረግበት።

ሦስተኛው የንድፎቹ ብዛት ነው። ይሄ ደስ አይልሽም።

ከመናገሬ በፊት የራሴን ልንገርሽ። እኔም በመመረቂያዬ ዓመት በቡድን አሳይቻለሁ። ዋናውን ግድግዳ ጠየቅኩ፣ ተከራከርኩ፣ አገኘሁት። ሰው በበሩ ሲገባ ፊት ለፊት የሚያየው ግድግዳ ነው። 11 ሸራ ሰቀልኩበት። በሁለት ሸራ መሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አልነበረም። አንድ የክፍል ጓደኛችን ደግሞ አንዲት የኅትመት ሥራ ብቻ ነበረችው፤ ደረጃው ሥር ሰቀላት። በመክፈቻው ምሽት ሰው ገባ፣ ግድግዳዬን በአንድ እይታ ጠርጎ አለፈ። ደረጃው ሥር ግን ሰው ይቆማል። ጎንበስ ይላል። ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። ግድግዳውን ስጠይቅ ያሰብኩት "ምን ይገባኛል" የሚለውን ነበር። "ሥራው ምን ይፈልጋል" ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ሥራዬን ብጠይቀው ኖሮ 4 ሸራና ብዙ ባዶ ግድግዳ ይለኝ ነበር።

ለዚህ ነው 18ቱ የሚያሳስቡኝ። 2 ዓመት የፈጀብሽን ሥራ ሁሉ ማሳየት ትፈልጊያለሽ፤ እንዴት አትፈልጊ? ግን የላክሽልኝን ፎቶ በቅደም ተከተል ሳይ ከ7ኛው እስከ 12ኛው ያሉት አንድ ነገር ይደጋግማሉ። ሁሉም ፎጣ ናቸው፤ ሁሉም ከላይ የታዩ ናቸው። እጅሽ እየተለማመደ ነበር። ልምምዱ ያስፈልግሽ ነበር፤ ተመልካቹ ግን አያስፈልገውም። ወለል ላይ ሁሉንም ዘርጊያቸውና አንድ የምታምኚው ሰው ጥሪ። "የትኛው ጥሩ ነው?" ብለሽ አትጠይቂው። "የትኛው ቢነሳ አይጎድልም?" በይው። ወደ 9 ወይም ወደ 7 ከወረዱ ጥጉ በድንገት ሰፊ ይሆናል። የቀሩትን በአንድ ማኅደር አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ንጹሕ የጨርቅ ጓንት አጠገቡ ይሁን። ሰው ገልጦ ሲያያቸው ልብስ ከቁም ሣጥን እንደማውጣት ይሆናል። ይህን ሐሳብ ካልወደድሽው ተዪው፤ ሥራሽን ሳይ የመጣልኝ ነው።

ስለ ዕጣው። ሐሳቡን ያቀረበው ልጅ ሰላም ፈልጎ ነው። ዕጣ ግን ለሰው ይሆናል እንጂ ለሥራ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ የነጻ አርቲስቶች ማኅበር የመጀመሪያ ትርኢቱን ሲያዘጋጅ ዳኛ አልነበረውም፤ የአባልነት ክፍያ የከፈለ ሁሉ ያሳያል። የሰቀላውን ኮሚቴ የሚመራው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻም ነበር። ከ2,000 የሚበልጡት ሥራዎች በሠዓሊዎቹ ስም ፊደል ተራ እንዲሰቀሉ ተደረገ። መነሻው ፊደል ደግሞ ከባርኔጣ በዕጣ ወጣ። ለማንም አላደላም። ግን አስቢው፤ ጸጥ ያለ ትንሽ ሥራ ከጮኸ ትልቅ ሥራ ጎን የሚወድቀው በስም ፊደል ነው። ለ2,000 ሥራ እሱ ይሻል ይሆናል። ለ8 ሰው ግን ስንፍና ነው። 8 ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱን ሥራ ማየት ይችላል።

እንዴት? የግድግዳው ድልድል እንደገና ይነሳ ማለትሽ ካልቀረ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የክፍሉን ትንሽ ሞዴል ከካርቶን ሥሪ። አንድ ሜትርን በ5 ሴንቲ ሜትር ብታደርጊው ይበቃል። 4 ሜትር ግድግዳ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የጓደኛሽ ሸራ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። ያንቺ ንድፍ ከአውራ ጣት ጥፍርሽ ብዙም አይበልጥም። የሁሉንም ሥራ በዚያው መጠን አትመሽ ቁረጫቸው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጭና 8ታችሁ ዙሪያውን ቁሙ። "እኔ የት ልሁን?" የሚለው ክርክር "ይሄ ከዚህ ጎን ምን ይሆናል?" ወደሚል ሲለወጥ ታያለሽ። ሰው የራሱን ስም ሳይሆን አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው የሚያንቀሳቅሰው። ያኔ ምናልባት አንቺ ራስሽ ጥጉን ትይዣለሽ። ምናልባትም ባለቪዲዮው ከዕቃ ክፍሉ አጠገብ መሆን ይፈልጋል፤ ለገመዱና ለኤክስቴንሽኑ ይመቸዋልና። ያን ቀን የሚገኝ አንድ የውጭ ዓይን ብትጋብዙ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። አማካሪሽን "ፍረዱልን" ሳይሆን "መጥተው እዩልን" በያቸው፤ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

በዚያው ስብሰባ ገንዘቡንም አንሱት። በደብዳቤሽ አላነሳሽውም፤ ግን በተማሪዎች ቡድን ውስጥ ከግድግዳ በላይ የሚያጣላው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ፓሪስ ውስጥ ሞኔ፣ ደጋ፣ ረንዋር፣ ፒሳሮ፣ ቤርት ሞሪዞና ሌሎች፣ በጠቅላላው 30 ያህል ሠዓሊዎች፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ደንብ ፈርመው በአንድ ፎቶ አንሺ የቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ለ1 ወር አሳዩ። ኢምፕረሽኒስት የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ነው። ሒሳቡ ሲዘጋ ግን እያንዳንዱ አባል 184.50 ፍራንክ ዕዳ ነበረበት፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ደግነቱ ደንቡ ስለነበረ ዕዳው ለሁሉም እኩል ሆነ። አብረውም እስከ 1886 ድረስ ሌሎች 7 ትርኢቶች አሳይተዋል፤ አባላቱ እየተለዋወጡም ቢሆን። እናንተም አንድ ገጽ ወረቀት ይብቃችሁ። ካታሎጉን ማን ይከፍላል፣ አንድ ሥራ ከተሸጠ ጋለሪው ስንት ይወስዳል፣ ሥራ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል፣ የተሰረሰረውን ግድግዳ ማን ይደፍናል። የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል።

ብትወጪስ? ካታሎጉ ታትሞ ከሆነ ስምሽ አለበት። ድርሻሽን የሚሸፍኑት 7ቱ ናቸው። ዐውደ ርዕዩ ለመመረቂያሽ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ለብቻሽ እስክታሳዪ መመረቂያሽም ሊዘገይ ይችላል፤ ይህን ዛሬውኑ አጣሪ። እኔ አንዲትን ሠዓሊ "ውጪ" የምለው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሁሉም ተሞክሮ ሥራው ጨርሶ መታየት ካልቻለ። መስታወቱ ቀይ ሆኖ፣ ድምፁ አልቀንስ ብሎ፣ ማንም ለመነጋገር ካልፈቀደ። እዚያ አልደረስሽም፤ ገና አልተነጋገራችሁም።

ሰቀላውን በተመለከተ ጥቂት ልበል፤ ትንንሽ ሥራ ላይ ስሕተት ቶሎ ይታያልና። የሥራዎቹ መሃል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዋል፤ ከ145 እስከ 155 ባለው መሃል 8ታችሁም አንድ ቁጥር ምረጡ። ሚስማሩን እንዲህ አስቢው። ፍሬምሽ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ግማሹ 20 ነው፤ 150 ላይ ጨምሪው፣ 170 መጣ። የኋላው ሽቦ ሲወጠር ከፍሬሙ አናት በታች የሚቀረውን ለኪ። 5 ከሆነ ቀንሺው፤ ሚስማሩ 165 ላይ ይመታል። ውኃ ልክ ያዢ፣ ዓይንሽን አትመኚው። ደግሞ ብቻሽን አትስቀዪ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ከሩቅ ያያል። ለጓደኛሽም ሸራዋን ስትሰቅል ያዢላት፤ 3 ሜትር ሸራ ለአንድ ሰው አይሆንም።

የሥራ መግለጫሽን አንብቤዋለሁ። "ሥራዎቼ የማስታወስንና የአለመኖርን ድንበር ይዳስሳሉ" ብለሽ ጀምረሻል። ሰርዢው። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ የጻፍሽልኝ አንድ መስመር አለ፦ "እናቴ ልብስ የምታጥፈው እኛ ስንተኛ ነበር፤ ጠዋት የምናየው የታጠፈውን ብቻ ነው።" መግለጫሽ እሱ ነው። ከ80 ቃል አይብለጥ። ጥጉ ጋ ቆሞ የሚያነብ ሰው ዓይኑ ወደ ንድፉ ቶሎ መመለስ አለበት።

ፎቶውን ደግሞ ከመክፈቻው በፊት፣ ክፍሉ ባዶ ሳለ አንሱ። ትርኢቱ ሲወርድ የሚቀርልሽ ፎቶው ነው፤ ነገ ለሌላ ጋለሪ ስታመለክቺ የምትልኪውም እሱ ነው። አንዱን ንድፍ ለብቻው፣ አንዱን ግድግዳውን በሙሉ፣ አንዱን ደግሞ ከሩቅ፣ ቀዩ ሸራም ያንቺ ጥግም አብረው የሚታዩበት። ያቺ ሦስተኛዋ ሥራሽ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የምትናገር ናት። ትንሽነቱ ደግሞ የሥራሽ ግማሽ ነው።

በመክፈቻው ምሽት ሥራሽ ፊት እንደ ዘበኛ አትቁሚ። ራቅ ብለሽ ሰው የቱ ጋ እንደሚቆም እዪ። ለሚጠይቅሽ መልሺ፤ ለማይጠይቅሽ አታስረጂ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከላክሻቸው መሃል 14ኛዋን ብዙ ጊዜ አየኋት። ሸሚዙ በደንብ ታጥፏል፤ አንዷ እጅጌ ግን አምልጣ ወጥታለች፤ የቸኮለ ሰው ያጠፈው ይመስላል። ሌሎቹን በረጅሙ ግድግዳ በአንድ መስመር ስቀያቸው። እሷን ግን በአጭሩ በኩል፣ ከዕቃ ክፍሉ በር ጎን፣ ብቻዋን አድርጊያት። ሰው ጥጉን ዞሮ ሊወጣ ሲል እሷን ያገኛታል።